በየጠዋቱ አንድ ዋይፕስ

«ዛሬ ሁለት አድርጊው» አለች አለቂት፣ የመጸዳጃ ቤቱን በር በጀርባዋ ደግፋ። «ትናንት አንገቷንም ጠርጋበታለች። አንድ አልበቃትም ማለት ነው።»

ሚጡ ቦርሳዋን ከፍታ ፓኬቱን አወጣች። ላዩ ላይ ምላሱን ያወጣ ነጭ ቡችላ ፎቶ አለ። ከሥሩ «ውሻዎን ያለ ውሃ ያጽዱ» ይላል። ሁለት እርጥብ መጥረጊያ ሳብ ሳብ አድርጋ በስስ ላስቲክ ጠቀለለች። እጇ ለምዶታል፤ ይሄ ስምንተኛ ቀኑ ነው። አለቂት ጥቅሉን ነጥቃት ወደ ክፍል ሮጠች። ተማሪው ከሰልፍ ሳይገባ የአዲሷ ልጅ ዴስክ ውስጥ መክተት አለባት።

ዋይፕሱ የሽማግሌው ነበር። ሽማግሌው የሚጡ ውሻ ነው። ዕድሜው ከሷ ዕድሜ ብዙም አያንስም። ከወር በፊት መኪና ገጭቶት የኋላ እግሩ ሲሰፋ፣ የእንስሳት ሐኪሙ «ስፌቱ እስኪደርቅ ውሃ እንዳይነካው» ብሎ ፓኬቱን ለሚጡ ሰጣት። «ከጆሮ ወደ ጅራት፣ ጸጉሩ በተኛበት አቅጣጫ። የጣቶቹን መሀል አትርሺ። ዓይኑ ጋ እንዳትደርሺ።» እናቷ ደግሞ የራሷን ትእዛዝ ጨመረችበት፦ «ምንጣፌ ውሻ ውሻ ከሸተተ ሁለታችሁም በረንዳ ነው የምታድሩት።» ሚጡም ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊት፣ ከሰዓት ደግሞ ስትመለስ ትጠርገዋለች። እሱ እቴ! ወገቡን እንደሚያሹለት ሽማግሌ ዓይኑን ጨፍኖ ይተነፍሳል።

አዲሷ ልጅ ከመምጣቷ በፊት የክፍሉ መሳቂያ ራሷ ሚጡ ነበረች። ሹራቧ ላይ አንድ ነጭ ጸጉር ከተገኘ አለቂት አፍንጫዋን ትይዛለች፣ ክፍሉ በሙሉ ይከተላታል። አምስት ወር ምሳዋን ብቻዋን በላች። ከዚያ አዲሷ ልጅ መጣች። ልብሷ ነጭ ጋዝ ይሸታል። በሁለተኛው ቀን አለቂት «ሽቶ» የሚል ስም አወጣችላት፣ በሦስተኛው ቀን ሚጡን ወደ ኋላ ወንበር ጠርታ አጠገቧ አስቀመጠቻት። ዱላው ወደ ሌላ ሲዞር እፎይ የማይል ማን አለ? ሚጡም እፎይ አለች። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ይላሉ፤ እንጨቱን የምታቀብለው ግን እሷ ነበረች።

ሐሙስ ዕለት በእረፍት ሰዓት፣ ሚጡ ቧንቧው ጋ ውሃ ስትጠጣ አዲሷ ልጅ ተጠጋቻት።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ? እንዳትስቂብኝ ግን።»

«ምን?»

«በየጠዋቱ ዴስኬ ውስጥ ዋይፕስ የሚያስቀምጥልኝ ሰው አለ። ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

ሚጡ ቧንቧውን ዘጋች። «አላውቅም።»

«እኛ ቤት አንድ ክፍል ናት። ጠዋት ለወንድሞቼ የማበስለው በነጭ ጋዝ ነው፣ ልብሴም የሚሰቀለው እዚያው ነው። ባጥበው ባጥበው አይለቅም። እና አንድ ሰው ገብቶታል። ሳያሳፍረኝ፣ ማንም ሳያይ...» አንገቷን ደፍታ ሳቀች። «ሽቶ ሲሉኝ መጀመሪያ ሙድ የያዙብኝ መስሎኝ ነበር። አሁን ግን ጥሩ ጥሩ እሸታለሁ አይደል? እስቲ አሽቺ።»

እጇን ዘረጋች። ሚጡ ጎንበስ ብላ አሸተተች። አፍንጫዋን ያወደው ሽማግሌው ነበር፤ ሆዱ ተጠርጎ ሲያበቃ የሚሸተው ያው ሽታ።

«አዎ» አለች። «ጥሩ ነው።»

«ነገ በክፍል ኃላፊዋ ሰዓት ማን እንደሆነ እንነግርሻለን ብላኛለች አለቂት። የምስጋና ደብዳቤ ጽፌያለሁ። ሁለት ገጽ! ቆሜ ነው የማነበው።»

ሚጡ ይህን ከሷ ቀድማ ታውቃለች። ዓርብ ዓርብ የክፍል ኃላፊዋ ምስጋናም ሆነ ቅሬታ ያለው ቆሞ እንዲናገር ትፈቅዳለች። አዲሷ ልጅ ደብዳቤዋን አንብባ ስትጨርስ አለቂት ፓኬቱን «ከሁላችንም» ብላ ልትሰጣት ነው፣ የቡችላውን ፎቶ ወደ ላይ አድርጋ። አንዱ ስልኩን ዴስክ ሥር ደብቆ ይቀርጻል።

«ፓኬቱን አንቺ ነሽ የምታመጪው» ብላታለች አለቂት። «ፋራ እንዳትሆኚ ደግሞ። ያንን ወንበር የሚፈልግ ብዙ ሰው አለ።»

ያን ዕለት ከሰዓት ሚጡ ሽማግሌውን ስትጠርግ እናቷ ፓኬቱን አንስታ መዘነችው።

«ይሄ ነገር ምነው ቶሎ ቶሎ አለቀ? ጎረቤቱን በሙሉ እያጠብሽ ነው እንዴ?»

ቀልዷ ነበር። ሚጡ ግን ፊቷ ቀላ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ትስቅ ነበር።

ዓርብ ጠዋት የትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠበቀቻት። አዲሷ ልጅ ጸጉሯን አሳምራ ተሠርታለች፣ ደብዳቤውን እንዳይታጠፍ ደብተር መሀል አድርጋዋለች።

«ዴስክሽ ውስጥ የሚቀመጠው ዋይፕስ...» አለች ሚጡ። «የኔ ነው።»

የአዲሷ ልጅ ፊት በራ። «አንቺ ነሽ? ትናንት ታዲያ ለምን አላውቅም አልሽኝ?» ብላ እጇን ያዘቻት።

እዚህ ላይ ዝም ማለት ይቻል ነበር። አዎ እኔ ነኝ ብሎ፣ ፓኬቱን ቆሻሻ ውስጥ ወርውሮ፣ ጓደኛ ሆኖ መቅረት ይቻል ነበር። ሚጡ ይህን በደንብ አሰበችው፣ በጣምም አማራት። ከዚያ እጇን አላቅቃ ፓኬቱን አወጣችና ፎቶውን ወደሷ አዞረችው።

አዲሷ ልጅ አነበበችው። ደግማ አነበበችው። ፈገግታዋ ለመጥፋት ጊዜ ወሰደበት።

«የውሻ ነው?»

«የውሻ ነው።»

«ሁሉም ያውቃሉ?»

«ሁሉም።»

«ሽቶ የሚሉኝም...»

«አዎ።»

«አንቺስ ስቀሻል?»

ሚጡ አልሳቅኩም ልትል አፏን ከፈተች። «ስቄያለሁ» አለች።

አዲሷ ልጅ አላለቀሰችም። መዳፏን ቀሚሷ ላይ ጠረገች፣ አሁንም ጠረገች፣ ቆዳዋ እስኪቀላ ድረስ ጠረገች።

«ይቅርታ» አለች ሚጡ።

«ይቅርታሽን ለውሻሽ ስጪው።»

«ካልፈለግሽ ዛሬ አትግቢ። አሟታል ብዬ ለክፍል ኃላፊዋ እነግርልሻለሁ።»

«እኔ ምን አድርጌ ነው የምቀረው?» ድምጿ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍ አለ። «እገባለሁ። አንቺ ቅደሚ። እነሱ ሲስቁ ፊትሽን ማየት እፈልጋለሁ።»

በክፍል ኃላፊዋ ሰዓት አለቂት ቦርሳዋን አንስታ ለሚጡ ቦታ ለቀቀችላት። «አመጣሽው?» አለች በሹክሹክታ። ሚጡ ፓኬቱን እንደያዘች መተላለፊያው ላይ ቆመች። አዲሷ ልጅ ከፊት ወንበር ዞራ ታያታለች፤ ዓይኗ ውስጥ ምሕረት የሚባል ነገር አልነበረም።

«እሺ፣ ዛሬ ማን ይጀምር?» አለች የክፍል ኃላፊዋ።

«ቲቸር፣ አዲሷ ልጅ ምስጋና አላት!» አለች አለቂት፣ አፏ ማር እየመሰለ። ከኋላ ሳቅ ተጀመረ። አንዱ ስልኩን ዴስኩ ሥር አስተካከለ።

ሚጡ ወደ ፊት ሄደች። ፓኬቱን ሁሉም በሚያየው ቦታ፣ የመምህሯ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችና ወደ ክፍሉ ዞረች።

«ቲቸር፣ እኔ ልቅደም» አለች። «ቅሬታ ነው። በራሴ ላይ።»