ውሃው እስኪፈላ

አሮጊቷ ወጥ ቤት ውስጥ ወድቀው፣ ጭንቅላታቸው የምድጃውን ጠርዝ መትቶ ሞተዋል። ባልደረቦቹ «ዝግታ» እያሉ የሚቀልዱበት መርማሪ ሲደርስ፣ አንድ ፖሊስ የቤቱን ሞግዚት በካቴና ሊያስር ሲጣደፍ አገኘው።

«ቆይ እስቲ፣ ምን አስቸኮለህ?»

«ቤት የነበረችው እሷ ብቻ ናት።»

«ጣሪያ ላይ ልብስ ሳሰጣ ነበር፣ ጌታዬ!» አለች ሞግዚቷ እያነባች። «ስወርድ እማማ ወድቀዋል። ሕፃኑ ግን አልጋው ላይ ጸጥ ብሎ ማባበያውን፣ የጎማ ጡቱን ይጠባል።»

«እማማ ሰጥተውት ይሆናላ?»

«አማቴ?» አለ የሕፃኑ አባት። «ያንን ነገር ዓይናቸው ሊያየው አይፈልግም። ባገኙት ቁጥር ይወረውሩታል።»

እሱ ጋራዥ፣ ሚስቱ ደግሞ መድኃኒት ቤት ነበርን ይላሉ። መርማሪው ምድጃው ላይ የተጣደችውን ትንሽ ድስት በእጁ ነካ። ለብ ያለ ንጹህ ውሃ እንጂ ሌላ ነገር የለባትም።

ሁሉንም ሳሎን ሰበሰባቸው። ሕፃኑ ማልቀስ ጀምሯል። መርማሪው የጎማውን ጡት ሆን ብሎ ወለሉ ላይ ጣለው። አባትየው አንስቶ በራሱ አፍ መጠጠና ሊያጎርሰው ሲል መርማሪው ተቀበለው። ደግሞ ጣለው፤ ሞግዚቷ በቀሚሷ ጠረገችው። እንደገና ሲጥለው እናትየው አነሳችና ልትቀቅለው ወጥ ቤት ገብታ ከድስቷ ሥር እሳት ለኮሰች። ወዲያው የሰራችው ገባትና ደርቃ ቀረች።

«ሕፃን ራሱ አንስቶ አይጎርስም» አለ መርማሪው በዝግታ። «እማማ በሕይወት እያሉ ደግሞ ማንም አያጎርሰውም፤ ይነጥቁታል። ስለዚህ የተሰጠው ከወደቁ በኋላ ነው፤ ያውም ተቀቅሎ፤ የድስቷን ውሃ ለብ እንዳለ ነው ያገኘሁት። እዚህ ቤት የሚቀቅለው አንድ ሰው ብቻ ነው።»

«ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም ነበር» አለች እናትየው። «እናቴ ነጥቃ ወረወረችው። ገፋኋት፤ ትንሽ ነው የገፋኋት።»

«ታዲያ ሰው አትጠሪም?» ጮኸ ባሏ።

«ልጁ ያለቅሳል፣ እሷ አታለቅስም። ውሃው እስኪፈላ ጠበቅኩ። አጉርሼው ስመለስ ትንፋሿ የለም። ፈርቼ ወጣሁ።»

ፖሊሱ ካቴናውን ወደ ኪሱ መለሰ። ሞግዚቷም ሕፃኑን አንስታ አቀፈችው። መርማሪው በዚህ ሥራ ካረጀ ወዲህ ማወቁን እንዲህ ጠልቶት አያውቅም።

«እናትሽ ሲወድቁ ያሉት ነገር ነበር?» አላት።

«‹እኔ ምንም አልሆንኩም፣ ልጁን አባብይው› አለችኝ።»