ዓለሚቱ ያልደረሳት ስብከት

ኑ እስቲ ልጆቼ፣ አግዳሚው ለሁላችንም ይበቃል፤ ጠጋ ጠጋ ብላችሁ ተቀመጡና ስሙኝ። ስለ ቲና ነው የምነግራችሁ። ቲና ዘጠነኛ ክፍል ናት። ለቡ መብራት ኃይል፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ባለው የቆርቆሮ አዳራሽ፣ እሁድ እሁድ ስብከቱን በምልክት ቋንቋ ትተረጉማለች። የምትተረጉመው ለአንዲት ሰው ነው፤ መስማት ለተሳናት ለዓለሚቱ።

የዚያን እሁድ አምልኮው እንዳለቀ ሰው ቲናን ከበባት።

«እጆችሽ ይባረኩ የኔ ልጅ!»

«እኔማ ሳይሽ ብቻ እንባዬ ይመጣል!»

እናቷ ደስታዋን መደበቅ አቅቷት ነጠላዋን ታስተካክላለች። ኪቦርድ የሚጫወተው የክፍሏ ልጅ ጸጋአብ በክርኑ ጎሸም አደረጋት። «ፏ ብለሻል ባክሽ! የሚቀጥለው እሁድ እኮ በቀጥታ ስርጭት ነው፤ አገር ሊያይሽ ነው።»

ዓለሚቱ ግን ሰው እስኪበተን ጠበቀች። ከዚያ ስልኳ ላይ ጽፋ አሳየቻት።

«አጠገቤ የተቀመጡት አቶ ደምሰው ለምን አለቀሱ?»

ዓለሚቱ ስልኩን መልሳ ጨመረችበት። «አንቺ የነገርሽኝ ‹እናት ታመመች፤ እግዚአብሔር መልካም ነው፤ እግዚአብሔር መልካም ነው› የሚል ነው። ዞር ስል አዳራሹ በሙሉ ያለቅሳል። ምን ተብሎ ነው?»

ምን ትበላት? እውነቱን ልንገራችሁ፤ ቲና የወሰደችው የሦስት ወር ኮርስ ነው። ፓስተር አባይነህ ደግሞ ሲሞቃቸው ይፈጥናሉ። እሷ ወደ ኋላ ትቀራለች፤ ስትቀርም ያቺኑ የምታውቃትን ምልክት እየደጋገመች እጇን አሳምራ ታወዛውዛለች። ከዓለሚቱ በቀር ማን ያውቅባታል? ለራሷም «እግዚአብሔር ልቤን ያያል፤ የጎደለውን መንፈስ ቅዱስ ይሞላዋል» ብላ ነበር።

ሰኞ ከትምህርት ቤት ስትወጣ የስብከቱን ቅጂ በስልኳ ሰማችው። ፓስተሩ ልጅ ሳሉ እናታቸው በጠና ታመሙ። ያን ጊዜ ለሦስት ዓመት ያኮረፈቻቸው ጎረቤት ናት በጀርባዋ አዝላ ጤና ጣቢያ ያደረሰቻቸው። ቲና እዚያው መድረኩ ላይ ቆማ ሳለች፣ ይህን ታሪክ እሷም አልሰማችውም ነበር።

በደብተሯ ወረቀት አንድ በአንድ ጽፋው መካኒሳ አቦ ሄደች፤ ዓለሚቱ ዩኒፎርም የምትሰፋው እዚያ ነው። ዓለሚቱ የስፌት መኪናዋን አቁማ አነበበችው። ደግማ አነበበችው። ከዚያ ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገችና ከወረቀቱ ግርጌ ጻፈች።

«ከእህቴ ጋር ከተኳረፍን ሁለት ዓመታችን ነው። ይሄ ለኔ ነበር።»

ቲና በምልክት ይቅርታ ጠየቀች። ቀጥላም «ፈጥነውብኝ ነው። መንፈስ ቅዱስ ይሞላልኛል ብዬ ነው» ብላ ጻፈች።

ዓለሚቱ ፈገግ አለች፤ የጻፈችው ግን የሚያስፈግግ አልነበረም። «መንፈስ ቅዱስ አላሳጠረብኝም። ያሳጠርሽብኝ አንቺ ነሽ።» ይህን ብላ በእግሯ በርጩማ ሳበችላት።

እስከ ቅዳሜ ድረስ ቲና ከትምህርት ቤት መልስ በየቀኑ እዚያ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ምልክት ተማረች ማለት ይቻላል። ዓለሚቱ ስታስተምር ርኅራኄ የላትም፤ ጣቷ ትንሽ ከተንጋደደ በመለኪያ ሜትሩ ጫፍ መታ ታደርጋታለች። ቲናም «ኧረ ሴትዮዋ!» እያለች ትስቃለች፤ ግን ደግማ ትሠራዋለች።

ዓርብ ዕለት ፓስተሩን አገኘቻቸው።

«ፓስተር፣ የእሁዱን ስብከት ቀድመው ቢሰጡኝ?»

«ቲናዬ፣ እኔ ወረቀት መቼ አለኝና! ጌታ እንደመራኝ ነው።»

«እርስዎን ይመራዎታል፤ እኔ ወደ ኋላ ብቀርስ?»

«አይዞሽ ልጄ፣ ሁሌም ቆንጆ አድርገሽ ነው የምትሠሪው» አሉና ባረኳት።

ጸጋአብ ይህን ሲሰማ በሳቅ ፈረሰ። «አታካብጂው እንጂ! አንድ ሰው እኮ ናት። ካሜራው እንደሆነ ምልክት አያውቅም።»

እሁድ ደረሰ። ለመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች የቲና እጆች ከፓስተሩ እኩል ሄዱ። ዓለሚቱ በየመሀሉ ራሷን ትነቀንቃለች። ከዚያ ፓስተሩ ሞቃቸው። ስለ መጽሐፍ ቅዱሷ ሩት እያወሩ ነበር፤ ቦዔዝ ጋ ሲደርሱ አንድ ዓረፍተ ነገር አመለጣት፤ ሁለት፤ ሦስት። እጆቿ ሳታዛቸው ወደዚያችው ወደለመዷት ምልክት ሄዱ።

ዓለሚቱ ራሷን መነቅነቅ አቆመች። አልተቆጣችም፤ ዝም ብላ ትጠብቃለች።

በዚያ አዳራሽ ፓስተርን በስብከት መሀል አቋርጦ የሚያውቅ የለም፤ ሽማግሌዎቹም ቢሆኑ። የካሜራው ቀይ መብራት በርቷል። እናቷ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ፈገግ ብላ ታያታለች። ጸጋአብ ከኪቦርዱ ጀርባ በአገጩ «ቀጥዪ፣ ቀጥዪ» ይላታል።

ቲና ሁለቱንም እጆቿን አወረደች። ሰው የሚያየው ነገር አጥቶ ማጉረምረም ጀመረ። አንድ እርምጃ ወደ መድረኩ መሀል ተራመደችና ቀኝ እጇን ብቻ፣ ልክ ክፍል ውስጥ እንደሚደረገው፣ ወደ ላይ አነሳች።

«ፓስተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አልደረስኩበትም። እባክዎ ከቦዔዝ ጀምሮ ይድገሙልኝ።»

አገር እያያት ለአንዲት ሰው ብላ እጇን ያነሳችባትን ያቺን ደቂቃ፣ ልጆቼ፣ አደራ፣ አትርሱብኝ።