ዝም ያለው ቅጂ

ሬሳው በግንባሩ ተደፍቶ ነበር።

እሁድ ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት። ቦታው ከፉሪ ወደ ጅማ መንገድ የሚያወርደው አቋራጭ፣ የተተወው የድንጋይ ካባ አጠገብ። ከብቶቹን ሲነዳ የደረሰ ገበሬ ነው አይቶ ለፖሊስ ያስደወለው።

ኢንስፔክተር ዱርሲቱ ጎንበስ ብላ መረመረችው። ወጣት ነው። ጠጉሩን አስረዝሟል። የተመታው ከኋላ፣ ማጅራቱ ላይ ነው። ደም የነካው ድንጋይ ሁለት እርምጃ ርቆ ወድቋል።

መታወቂያው ኪሱ ውስጥ ተገኘ። ስሙ ዓቢይ፣ ዕድሜው ሃያ ሰባት። ስልኩ የለም። የጀርባ ቦርሳውን ግን ማንም አልነካውም። ከፈተችው። አንድ አጭር ገመድ አለ። ከገመዱ ጋር መዳፍ የምታህል ጥቁር የብረት ሳጥን፤ አንድ መብራት፣ አንድ ማዞሪያ፣ ግራና ቀኝ የገመድ መሰኪያ።

«ዘራፊዎች ናቸው» አለ አብሯት የመጣው ፖሊስ። «ስልኩን ነጥቀውት ነው።»

«ስልክ የነጠቀ ሰው ቦርሳ ትቶ ይሄዳል?»



ዓቢይ ጊታር ተጫዋች ነበር። ከሁለት ጓደኞቹ ጋር የሚለማመድባትን ክፍል ያከራዩት ኦቦ መገርሳ የሚባሉ የፉሪ ገበሬ ናቸው። ክፍሏ ከበረታቸው ጋር ግድግዳ ትጋራለች። ልጆቹ የሚጫወቱት ጆሮ የሚበጥስ ከባድ ሮክ ነው። ዓርብ ዕለት ሽማግሌው ዱላቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆመው «አንድ ቀን አናትህን ነው የምልህ!» ብለው በዓቢይ ላይ ሲጮኹ ሰፈሩ በሙሉ ሰምቷል።

ዱርሲቱ የዚያኑ ዕለት ጣቢያ አስጠራቻቸው።

«ብለዋል ወይስ አላሉም?»

«ብያለሁ! ላሜ ወተት ከለከለችኝ እኮ። አንቺስ ብትሆኚ ምን ትይ ነበር?»

«ዛሬ ጠዋት የት ነበሩ?»

«ቅዳሴ።»

«ቅዳሴው ሳያልቅ ወጥተዋል። ያዩ ሰዎች አሉ። የት ሄዱ?»

ሽማግሌው ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱት። «ሚቲ! አይደለም! እኔ ሰው አልገደልኩም።»

«ገደሉ አላልኩም። የት ሄዱ ነው ያልኩት።»

«አልናገርም።»

ጣቢያ አደሩ። ሰኞ ጠዋት ጠጅቱ የምትባል አረቄ ሻጭ ማንም ሳይጠራት መጣች። «እኔ ቤት ነበሩ» አለች። «ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ አራት። አብረዋቸው የጠጡትን ሰዎች ስም ልስጥሽ። እሳቸው የሰበካ ጉባኤ አባል ናቸው፣ ቅዳሴ ጥለው አረቄ ቤት ገቡ እንዳይባሉ ነው።»

የተጠሩት ሰዎች ሁሉ ይህንኑ መሰከሩ። ኦቦ መገርሳ ሲለቀቁ ዱርሲቱን ቀና ብለው እንኳ አላዩዋትም።

የባንዱ ከበሮ መቺ ሴት ናት። ያኔት ትባላለች፤ ሰበታ ፋብሪካ ውስጥ ትሠራለች። ዱርሲቱ የፋብሪካው በር ላይ ጠብቃ አገኘቻት። ዓይኗ አብጧል።

«በር ላይ አስቁመሽ ልትጠይቂኝ ነው?» አለች ያኔት። «ሰው ሁሉ እያየኝ?»

«ከፈለግሽ ጣቢያ እንሂድ። ማን ይጠላው ነበር?»

«ሰሞኑን? ሁላችንም።»

ዱርሲቱ የሳጥኗን ፎቶ አሳየቻት። «ይቺ ምንድን ናት?»

ያኔት ፎቶውን ስታይ ከንፈሯን ነከሰች። ከዚያ ተናገረች። ዓቢይ አምፑን፣ ማለትም የጊታሩን ድምፅ ማጉያ፣ በጣም ነው የሚያስጮኸው። ስለዚህ ጊታሩ ሲቆም እንኳ አምፑ ዝም አይልም። ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ሽሽሽ ይላል። ሳጥኗ ኖይዝ ጌት ትባላለች። ተጫዋቹ እጁን ከክሩ ሲያነሳ ያንን ጩኸት ትዘጋዋለች። ዓቢይ ረቡዕ ዕለት ለሙከራ አመጣት፣ ዓርብ ዕለት በእሷ ተጣሉ።

«በሳጥን?»

«ፍቅረሥላሴ ‹ይቺ ነገር ሙዚቃችንን ገደለችው፣ መልሳት› አለ። ሁለተኛው ጊታሪስታችን ነው። ዓቢይ ደግሞ ‹ከዛሬ ጀምሮ መደበቂያ የለህም› አለው። እናት አባት ሳይቀር ተሰዳደቡ።»

«ከዚያስ?»

«ቅዳሜ ከሰዓት እኔና ዓቢይ ብቻ ተለማመድን። ስንጨርስ ሳጥኗን ነቅሎ ቦርሳው ውስጥ ከተታት። እሁድ ጠዋት ዓለም ገና፣ ሻጯ ቲቲ ጋ እወስዳታለሁ አለኝ።»

«ፍቅረሥላሴ ይህን ያውቃል?»

«እሁድ ጠዋት ቲቲ ጋ እንደሚሄድ ዓርብ ሰምቷል። ሳጥኗ እንደተነቀለች ግን አላየም። ቅዳሜ አኩርፎ ቀርቷል።»

ፍቅረሥላሴ ጣቢያ የመጣው ከጠበቃ ጋር ነው። ቀጭን ነው፣ ንግግሩ ቁጡ።

«የስድስት ዓመት ጓደኛዬ ሞቷል። እናንተ እኔን ታንገላታላችሁ።»

«እሁድ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት የት ነበርክ?»

«መለማመጃ ክፍላችን። ብቻዬን፣ በዓቢይ አምፕ እየተጫወትኩ ስቀርጽ ነበር። አሥር ደቂቃ ሙሉ። ሁለት ሰዓት ከሃምሳ ላይ ለግሩፓችን ልኬዋለሁ። ይኸው።»

«ማን ሰማህ?»

«ማን ይሰማኛል? ግቢው በሙሉ ቅዳሴ ሄዷል። ቅጂው አይበቃም?»

ዱርሲቱ ከፍታ ሰማችው። ጊታሩ ያጓራል። ቀጥ ይላል። ጸጥታ። እንደገና ያጓራል። ሰዓቱም ልክ ነው። ከቴሌ የመጣው ዝርዝር እንደሚያሳየው ዓቢይ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ቲቲ ጋ ደውሏል። ሬሳው የተገኘው ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ከካባው እስከ ክፍሏ በእግር ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። አንድ ሰው ሁለቱም ቦታ ሊገኝ አይችልም።

«ጨረስን?» አለ ፍቅረሥላሴ።

«ስልክህን እዚህ ትተህ ሂድ።»

«በምን መብት?»

ዱርሲቱ የፍርድ ቤቱን ትእዛዝ ገፋ አደረገችለት። ጠበቃው አንብቦ ራሱን ነቀነቀ።

ቲቲ ዓለም ገና ባጃጅ ተራው ጀርባ ያገለገሉ የሙዚቃ ዕቃዎች ትሸጣለች። ፖሊስ ስታይ ፊቷ ተለዋወጠ።

«ዕቃዎቼ የተሰረቁ አይደሉም።»

«ስለ ዕቃዎችሽ አልመጣሁም። ዓቢይ ሲደውል ምን አለሽ?»

«‹ይቺን እመልሳለሁ፣ ቀስ ብላ የምትዘጋውን አስቀምጪልኝ› አለኝ። እውነት ለመናገር ገረመኝ። ለእሱ አጨዋወት የምትሆነው ፈጣኗ ናት። ይህንኑ ነገርኩት። ‹አውቃለሁ፣ ግን ቀስ የምትለዋን ነው የምፈልገው› አለ።»

ዱርሲቱ ከሬሳው ቦርሳ የተገኘችውን ሳጥን አወጣች። «አሠራሯን አሳዪኝ።»

ቲቲ ጊታር ሰካች፣ ሳጥኗን መሀል አስገባች፣ አምፑን እስከ ጥግ ከፈተች። ክሩን መታችው። የሱቁ መስታወት ተንቀጠቀጠ። እጇን ስታነሳ ድምፁ በቢላ እንደተቆረጠ ቀጥ አለ። ከዚያ ሳጥኗን ነቅላ ጊታሩን በቀጥታ ሰካችው። መታች፣ አቆመች። ሽሽሽታው ሱቁን ሞላው። ዱርሲቱ ያለፈቃዷ ጆሮዋን ያዘች።

ከዚያ እጇ ጆሮዋ ላይ እንዳለ ቀረ።

ስልኳን አውጥታ የፍቅረሥላሴን ቅጂ ከፈተች። «ይህን ስሚ።»

ቲቲ ሁለት ጊዜ ሰማችው። «ይሄማ በዚችው ነው የተቀረጸው። የድምፁ ጭራ ሲቆረጥ አይሰማዎትም?»

«ያለ እሷ፣ በዓቢይ አምፕ፣ እንዲህ ማድረግ ይቻላል?»

«በዚያ አምፕ? በጭራሽ።»

እሁድ ሁለት ሰዓት ከሃምሳ ላይ ሳጥኗ ካባው አጠገብ፣ የሟች ቦርሳ ውስጥ ነበረች።

ረቡዕ ከሰዓት ፍቅረሥላሴን መለማመጃ ክፍላቸው አስመጣችው። ያኔት ከበሮዎቿን እየፈታታች ነበር። ዱርሲቱ አላስወጣቻትም።

«ተጫወት» አለችው።

«ምን?»

«እሁድ እዚህ የቀረጽከውን።»

ጊታሩን አነሳ። አምፑን ከፈተ። መታ፣ አቆመ። ሽሽሽሽ።

«ዝም አሰኘው።»

የአምፑን ማዞሪያ ዝቅ አደረገ። ሽሽሽታው ቀነሰ፣ የጊታሩ ጉልበትም አብሮ ሞተ። መልሶ ከፍ አደረገው። ሽሽሽሽ።

«ዝም አሰኘው ብዬሃለሁ!»

ያኔ ነው ወለሉን ያየው። ገመዱ ከጊታሩ በቀጥታ አምፑ ውስጥ ገብቷል። መሀል ላይ ምንም የለም። ፊቱ አመድ መሰለ።

«በስልኬ... በኋላ አጽድቼው ነው።»

«ስልክህን ባለሙያ ፈትሾታል። ዋናውን ቅጂ አጥፍተኸዋል፣ ግን ተገኝቷል። የተቀረጸው ሐሙስ ነው።»

ፍቅረሥላሴ ጊታሩን እንዳነገተ አምፑ ላይ ተቀመጠ። አምፑ ብቻ ሽሽሽ ይላል።

«እዘገያለሁ» አለ በመጨረሻ። «አብረን ማቆም ሲገባን እኔ እዘገያለሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ በጩኸቱ ውስጥ ማንም አልሰማኝም። ያቺ ሳጥን ስትመጣ የእሱ ጊታር ጸጥ ይላል፣ የእኔ ብቻ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ሐሙስ ብቻዬን ቀርጬ አዳመጥኩት። በሳጥኗ ብጫወትም እጄ ያው ነው። ለእኔም አምፕ ሌላ ሳጥን ሊያመጣ ነው፣ ስህተቴ ሁሉ ሲሰማ ሊያባርረኝ ነው ብዬ አሰብኩ። እሁድ መንገድ ላይ ጠብቄ ‹የቷን ልታመጣ ነው?› አልኩት። ‹ስትመጣ ታያታለህ› ብሎኝ ጀርባውን ሰጠኝ።»

«ድንጋዩን አነሳህ።»

«አነሳሁ። ስልኩን ካባው ውስጥ ያቆረው ውሃ ውስጥ ጣልኩት።»

ያኔት የያዘችውን የከበሮ እግር ወረወረችው። ግድግዳው ላይ ተላተመ። «ማንም አልሰማኝም ትላለህ? በዘገየህ ቁጥር ነሐሱን ሲምባል እየመታሁ ስሸፍንልህ የኖርኩት እኔ ነኝ! ማን ለምኖኝ ይመስልሃል? ዓቢይ ነው! ‹እንዳይሰማው፣ እንዳያፍር› እያለ!»

ፍቅረሥላሴ ቀና አለ።

ዱርሲቱ ልታዝንለት አልፈለገችም። «ፈጣኗን ሊመልሳት ነበር» አለችው። «ቀስ ብላ የምትዘጋውን ነው ያዘዘው። ለራሱ እንደማትሆነው ሻጯ ነግራዋለች። የእሱ አምፕ ድምፅ ትንሽ ቆየት ሲል ያንተ መዘግየት እንዳይሰማ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልነገረኝም?»

«ተሰድቦ ነበራ» አለች። «ተነሳ። እጅህን አምጣ።»

ካቴናውን አጠለቀችለት። ሁለት ፖሊሶች ይዘውት ወጡ።

ኦቦ መገርሳ ዱላቸውን ተደግፈው ግቢው መሀል ቆመው ነበር። መኪናው እስኪርቅ አዩ። ከዚያ ወደ ክፍሏ ዞረው ጮኹ።

«ዛሬውኑ ባዶ አድርጉልኝ! ዳግመኛ እዚህ ቤት ድምፅ እንዳልሰማ!»

ያኔት ብቻዋን አምፑን በአንድ ጎኑ ይዛ ልታነሳ ታገለች። አልተንቀሳቀሰላትም።

«ማን አለኝ ብለው ነው ‹አድርጉ› የሚሉኝ?» አለች ሳትዞር። «እኔ ብቻ ነኝ የቀረሁት።»

ሽማግሌው ዱላቸውን በበረቱ ግድግዳ ላይ አስደግፈው ገቡና የአምፑን ሌላኛውን ጎን ያዙ።