ልቱን ማን ቀጠፈው?

ሱሀይላ ቅጠሉን አሸተተችና ክው አለች። ልት እንዲህ አይሸትም። ይህ የቁም ሳጥን ሥር፣ የበረሮ መደበቂያ ሽታ ነው።

«ሊድያ፣ ፍሊት ነፍተሽበታል እንዴ?»

ሊድያ የውሃ ማጠጫውን እንደያዘች አቀረቀረች።

«ትናንት አመድ ነሰነስኩበት አላልሽኝም?»

«አመዱማ አልሠራም! ተባዩ ቅጠሉን ሲጨርሰው ቁጭ ብዬ ልይ? ሳይቃጠል በቅጠል ብዬ ነው። ማታ ትንሽዬ ነው የነፋሁት። አታካብጂ አቦ!»

ጓሯቸው ጓሮ ከተባለ፣ ሰሚት ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከነሱሀይላ በረንዳ ሥር ያለች አንድ ጥግ ናት። ዳር ዳሩን ጤና አዳምና በሶብላ፣ መሐሉን ደግሞ አክስቷ ዘሩን ከወሎ ያመጣችላት፣ ለቁስልም ለፀጉርም ለሾርባም የሚሆነው ክብ ቅጠል ልት ይዞታል። የትምህርት ቤታቸው የአካባቢ ክበብ ለጓሮ ውድድሩ ነገ ዳኞች ይልካል። ካሸነፉ ክረምት ላይ ሐዋሳ ከሚሄደው ቡድን ይገባሉ፤ ሊድያማ የዋና ልብስ ሳይቀር መርጣለች። ከልቱ ፊት ለፊት ሱሀይላ በገዛ እጇ ጽፋ የተከለችው ሰሌዳ ቆሟል፦ «ያለ ኬሚካል የበቀለ። ጎረቤቶች፣ ቀጥፋችሁ ተጠቀሙ!» ጎረቤት ደግሞ ተጠቀሙ ከተባለ ሁለተኛ አይጠይቅም።

ይህን ስታስብ እትዬ ምንትዋብ ከደረጃው ብቅ አሉ። የፈላ ዘይት እጃቸውን ካቃጠላቸው ወዲህ የልት ቅጠል እየወቀጡ ይለጥፉበታል።

«ዛሬ አይቀጠፍም እትዬ!» አለች ሊድያ ፈጠን ብላ። «ዳኞች እስኪያዩት እንዳይራቆት ብለን ነው።»

ሱሀይላ በጓደኛዋ ፍጥነት ተገረመች። ውሸቱ ተቀምሞ የተቀመጠ ይመስል ነበር።

«ግድ የለም የኔ ልጅ፣ ጠዋት ቀጥፌ ለጥፌበታለሁ» አሉ እትዬ ምንትዋብ፣ በነጠላቸው ጫፍ የታሰረውን እጃቸውን ከፍ አድርገው። «ብቻ ዛሬስ እንደ በርበሬ ይለበልበኛል። እየሻረ ነው መሰል።»

ሊድያ የሱሀይላን ክንድ ቆንጠጥ አደረገችና በጆሮዋ «ዝም በይ፣ ማታ ያጥቡት የለ» አለቻት። ሱሀይላ ዓይኗን ከታሰረው እጅ ላይ አልነቀለችም።

እትዬ ምንትዋብ ሰሌዳውን አይተው ፈገግ አሉ። «ተባረኪ፣ አንቺ ባትተክይልን ማን ያስብልን ነበር!» ብለው ዞሩ።

«እትዬ! ይፍቱት!» ጮኸች ሱሀይላ። «ፍሊት ተነፍቶበታል። ወላሂ አላወቅኩም፤ አሁኑኑ ይታጠቡ!»

«በስመ አብ!»

ጎትታ ወደ ውጭው ቧንቧ ወሰደቻቸው። ጨርቁ ሲፈታ ቁስሉ ቲማቲም መስሎ ቀልቷል። ሊድያ አይታው እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ ወዲያው ሳሙና ልታመጣ ሮጠች። ልጃቸው ቲጂ ጩኸቱን ሰምታ ወረደችና ታጥበው እንዳበቁ እናቷን ይዛ ወደ ጤና ጣቢያ ልትሄድ ተነሣች።

እትዬ ምንትዋብ ግን ከግቢው በር ሳይወጡ ዞር አሉ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻል ነበር።

«ልጆች፣ ከኔ ሌላስ ማን ቀጠፈ?»

ሱሀይላ ቀና ብላ የብሎኩን መስኮቶች አየች። የትኛዋ እናት ለልጇ ጭንቅላት ወቅጣው ይሆን? የትኛውስ ቤት ከሾርባ ጋር እየተንተከተከ ነው? ቅጠፉ ያለቻቸው እሷ ናት።

ሰሌዳውን ነቀለችው። ገልብጣ በጀርባው በትልልቁ ጻፈች፦ «ፍሊት ተነፍቶበታል። እንዳትቀጥፉ!»

«ነገ ዳኞቹ ያዩታል እኮ» አለች ሊድያ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ።

«ይዩታ።»

ሰሌዳውን መልሳ ተከለችና ወደ ደረጃው ሄደች። የመጀመሪያውን በር ልታንኳኳ እጇን ስታነሣ ከኋላዋ የጫማ ኮቴ ሰማች። ሊድያ አልፋት ወደ ላይ እየወጣች ነበር።

«አንቺ ከታች ጀምሪ» አለቻት ሳትዞር። «እኔ ከአራተኛ ፎቅ እወርዳለሁ። የነፋሁት እኔ እንደሆንኩ ራሴ እነግራቸዋለሁ።»

ሱሀይላ በሩን አንኳኳች።