የ«ጎረቤት» ስምንተኛ መጽሐፍ

ሠዓሊው ካሴ በማባዣ ማሽኑ ሥር በግንባሩ ተደፍቶ የተገኘው ማክሰኞ ጧት ነው። ማጅራቱን የመታው የማሽኑ የብረት መዘውር ከአጠገቡ ወድቋል። ጠረጴዛው ላይ አንድ ስቴንስል፣ ሥዕል ተጭሮበት የሚባዛበት የሰም ወረቀት፣ ተዘርግቷል፤ ነጋዴው ሲራጅ ካሴ ላይ ዱላ ሲያነሣ ያሳያል። ከሥሩ «ይህ ሰው እንዳይገድለኝ እፈራለሁ» ይላል።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ሌላ ማስረጃ አላስፈለጋቸውም። ሲራጅ የፊጥኝ ታስሮ ቀትር ላይ ወደ ደብረ ታቦር በሚሄደው መኪና እንዲጫን አዘዙ። በዚያ ዘመን እንዲያ ተጭኖ የሄደን ሰው ይመለሳል ብሎ የሚጠብቅ አልነበረም። ፖሊሱ ሃምሳ አለቃ ገብረ መድኅን እስከ ቀትር ያለውን ጊዜ ለመነ፤ ተሰጠው።

እውነቱን ለመናገር፣ ካሴ ወደ ሞተበት ክፍል ሲገባ እግሩ ከብዶት ነበር። «ጎረቤት» የተባሉት የሥዕል መጻሕፍት ከከተማቸው ከመካነ ኢየሱስ ይወጡ በነበረ ጊዜ እሱም እየደበቀ አንብቧቸዋል። ንጉሥም ጀግናም የለባቸውም፤ በቅሎ የጠፋባት መበለት፣ በድንበር የተጣሉ ገበሬዎች፣ ይኸው ነው። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ተምሮ ያደገው ካሴ ይሥላል፣ መምህር አንዳርጌ ከሥሩ ይጽፋል፣ አስካለ በስቴንስል ገልብጣ ታባዛለች፣ ሲራጅ በአህያ ጭኖ እስከ አርብ ገበያና ወገዳ ከተሞች ያደርሳል። በመሠረተ ትምህርት ፊደል የለዩ ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ተሻሙባቸው። ሰባት መጽሐፍ ወጣ። ከዚያ አንድ ሰው «የመደብ ትግሉን አያነሡም» ብሎ ለቀበሌው ጽሕፈት ቤት ጻፈና መጻሕፍቱ በገበያ መካከል ተቃጠሉ። እሳቱን የለኮሰው ገብረ መድኅን ነበር። ታዞ ነው። ካሴ ከሕዝቡ መካከል ቆሞ አይቶታል።

ሦስቱንም ለየብቻ ጠየቃቸው። ሲራጅ ከካሴ ጋር መጨቃጨቁን አልካደም፤ ስምንተኛውን መጽሐፍ በድብቅ ጭነህ አድርስ ቢለው ፈርቶ እምቢ ብሏል። አስካለ ስምንተኛው ስለ ቃጠሎው እንደሆነና በእርሳስ ተሥሎ ማለቁን ነገረችው፤ አሁን ግን ምድጃው ውስጥ አመዱ ብቻ ነበር። አንዳርጌ የተማሪ ፈተና ሲያርም እንዳመሸ ተናገረና «ሲራጅ ክፉ ሰው አልነበረም» አለ በኀዘን።

ገብረ መድኅን ስቴንስሉን በመስኮት ብርሃን ላይ አንጠልጥሎ ብዙ አየው። ከዚያ ሁሉንም ሰበሰበ፤ ሊቀ መንበሩም መጡ። ከቃጠሎ የተረፈ አምስተኛ መጽሐፍ ገለጠና ጽሑፉን በመዳፉ ሸፈነ። ሁለት ሰዎች ተሥለዋል።

«በዳዩ የትኛው ነው?»

አስካለ ወዲያው አመለከተች። እጁ የታሰረው ሲራጅ በአገጩ አሳየ። ሊቀ መንበሩም ሳይጠየቁ «ባለ አንድ ዓይኑ ነዋ» አሉና ወዲያው አፈሩ፤ እንዳይነበብ የከለከሉት ራሳቸው ናቸው።

አንዳርጌ ግን ጎንበስ አለ። «እጅዎን ያንሡልኝ፤ ጽሑፉን ልየው።»



«የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ክፉን ሰው በጎን ይሥለዋል፤ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል» አለ ገብረ መድኅን። «ደጉን ፊት ለፊት፣ ከሁለት ዓይኑ ጋር። ገበያተኛው ሁሉ ይህን ያውቃል። ስቴንስሉ ላይ ያለው ነፍሰ ገዳይ ግን ሁለት ዓይን አለው፤ ካሴ አልሣለውም። ፊቱ ከሦስተኛው መጽሐፍ፣ ከደጉ ጎረቤት ላይ ልክ በልኩ የተገለበጠ ነው። ያኔ ካሴ የሣለው ሲራጅን አስመስሎ ነበር። ሲራጅ ራሱን አይከስም፤ አስካለ ደግሞ እንዲህ አትሳሳትም። መምህር፣ ሁለት ዓመት ከሥሩ ሲጽፉ ሥዕሉን አንድ ቀን አላዩትም።»

አንዳርጌ ቁጭ አለ። ለጽሕፈት ቤቱ የጻፈው እሱ ነበር። ሰኞ አመሻሽ ላይ ወደ ካሴ ሲመጣ ስምንተኛው መጽሐፍ ውስጥ ደብዳቤ ይዞ ራሱን አገኘው።

«አገር ምድሩ ሊያየኝ ነው አልኩ» አለ። «ክፉ አድርጎ ሥሎኝ...»

«አይተውታል?» አለች አስካለ።

«አይቼዋለሁ።»

«እኔም አይቼዋለሁ። እርስዎን ደብዳቤውን ሲሰጡ ካሴ ፊት ለፊት ነው የሣሉዎት። ሁለቱንም ዓይን ሰጥተውዎት ነበር።»

እንድትደግምለት ለመናት። አልደገመችለትም።

ውጭ መኪናው ጡሩምባውን ነፋ። ገብረ መድኅን የሲራጅን ገመድ ፈታ፤ እስኪጨርስ ድረስ ቀና ብሎ ሊያየው አልደፈረም። ሲራጅም አላመሰገነውም።