የዱባው አርባኛ ቀን

«አንተ ዋሻ ለዋሻ ጭራቅ እያሳደድክ እኔ አርባ ቀን ሙሉ ዱባ ላጠጣ? ጤነኛ ነህ?» አለች ናጊሳ።

«ታዲያ ገበሬዎቹ እናንተ አይደላችሁ እንዴ!» አለ ሪንታሮ። በናጊሳ የጆሮ ማዳመጫ ውስጥ ቺፕስ ሲያንኮሻኩሽ ይሰማል። «እጅሽ የለመደው ነገር ነው።»

ናጊሳ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ቤተሰቦቿ ሩዝ ያመርታሉ፤ የክፍል ጓደኛዋ የሪንታሮ አባት ደግሞ ፖስታ ቤት ነው የሚሠራው። በዚህችው ምክንያት፣ ሁለቱ በጋራ የሚጫወቱት ጌም ውስጥ ጎራዴው ለሱ፣ ማጠጫው ለሷ ደረሰ።

ጌሙ ያስጠላል እንዳትሉ ግን። ጎመን በአራት ቀን ይደርሳል። አረም የለ፣ ወገብ አይቆረጥ። ባለሱቋ ባየችሽ ቁጥር በስምሽ ጠርታ «ዛሬ ደስ የሚል ቀን ነው» ትልሻለች። ችግሩ፣ በአርባኛው ቀንም ያንኑ ነው የምትለው። ጎርፍ ቢወስድሽም «ዛሬ ደስ የሚል ቀን ነው»! ሰዓቱ ደግሞ እንደኛው ሰዓት ነው የሚሄደው፤ ዱባው በየቀኑ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ካልጠጣ ይደርቃል። ናጊሳ ዱባውን ለማጠጣት በማለዳ ስትነሳ ዓይኗ ሥር ጠቁሯል። ነገ እሁድ ቀትር ላይ ጌሙ ውስጥ የዱባ ውድድር አለ፤ የነሱ ደግሞ ቤት አክሏል።

«ነገ ብቻ» አለ ሪንታሮ። «እኔ እሁድ ከአራት ሰዓት በፊት ሬሳ ነኝ። የክፍላችን ልጅ በሙሉ ሊያየን ነው እኮ!»

ይሄኔ በየቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የመንደሩ ድምፅ ማጉያ ጮኸ። «ነገ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ቦይ ጠረጋ ነው። ከየቤቱ አንድ ሰው፣ አካፋ ይዞ!»

ናጊሳ ወደ ድምፅ ማጉያው ዞረች። ባለፈው ሳምንት፣ ማን የቱን ሥራ እንደሚሠራ የሚመዘገብበት፣ ከቤት ቤት የሚዞረው የማስታወቂያ ሰሌዳ እጇ ሲገባ፣ አንድ ዓይኗ ዱባው ላይ ስለነበር እንደ ፊርማ የሚመታውን የቤቱን ማኅተም ያገኘችው ባዶ ቦታ ላይ ደቅ አድርጋ ለጎረቤት አሳልፋዋለች። ባዶው ቦታ ለካ ከመንገዱ ሥር ያለው ቱቦ ኖሯል! በጉልበት እየዳኹ ጭቃ የሚዝቁበት። ለሱ የሚመዘገበው ጎረምሳ ያለበት ቤት ነው። እነሱ ቤት ያሉት ደግሞ ወገቡን ይዞት ከተኛ አራት ቀን የሆነው አባቷና የሰባ ዘጠኝ ዓመት አያቷ ናቸው። ማኅተም ደግሞ ከተመታ ተመታ፤ «ሰርዙልኝ» ያለ ቤት እስከ ልጅ ልጁ ይወራበታል።

አያቷ ገብተው አጠገቧ ተቀመጡ። ስክሪኑን ትንሽ አዩት።

«ቦዩን ማነው የሚጠርገው?»

«የት?»

«እዚህ፣ ማጠጫ የያዘው ሰውዬ ጋ።»

«ቦይ የለም አባባ። ኩሬ ነው ያለው። ውሃው አያልቅም።»

«አያልቅም?» ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ። «ታድሎ!»

ከዚያ አካፋ ሊፈልጉ ጉልበታቸውን ይዘው ለመነሳት ሞከሩ። እምቢ አላቸው። ተመልሰው ቁጭ አሉ። ናጊሳ እንዳላየች ሆነች።

«አሎ? ናጊ? ዱባው!» አለ ሪንታሮ።

«ራስህ አጠጣ።»

«እየቀለድሽ ነው!»

«አላርም ሙላ።»

ማዳመጫውን አውልቃ መሬት አስቀመጠችው። ሪንታሮ ከውስጡ እንደ ዝንብ ይንጫጫል።

«አባባ፣ ነገ ቱቦው ውስጥ የምገባው እኔ ነኝ። ማኅተሙን ያለቦታው የመታሁት እኔ ነኝ።»

አያቷ ትከሻዋን በዓይናቸው ለኩት። «ቱቦው ጠበብ ይላል። አንቺ ታልፊያለሽ» አሉ።

ደስ አላት። ቱቦውን ስታስበው ግን ከወዲሁ ደከማት። ሪንታሮ እንደማይነቃ ደግሞ ታውቃለች፤ ስለዚህ መጫወቻውን እጃቸው ላይ አደረገችላቸው።

«እርስዎ ነገ እዚሁ ይረፉ። ይቺን ቁልፍ መጫን ብቻ ነው፤ ዱባዬን ያጠጡልኛል፣ እሺ?»

«ስድሳ ዓመት ያጠጣሁት መች አነሰኝ? ይድረቅ!»