ከኮቤ የተዋስነው ወንድም

ይህ በእኛው ቤት የሆነ ነገር ነው። እናቴ ካረፈች ቆይታለች፤ አሁን ብናገረው የሚቀየመኝ ሰው የለም።

ያየሁት በጨለማ አልነበረም። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው፣ በጠራራ ፀሐይ... ብራዚል፣ ከባቡር ጣቢያው ወደ ቡና እርሻችን በሚወስደው ቀይ መንገድ ላይ።

የጀመረው ግን እዚያ አይደለም።

እኛ የኦኪናዋ ደሴት ሰዎች ነን። ከመሰደዳችን በፊት በነበረው ዓመት ታላቅ ወንድሜ ሳንራ ዓሣ ሊያጠምድ ወጥቶ ቀረ። እሱም ጀልባውም አልተገኙም።

እናቴ አላለቀሰችም። በየቀኑ ወደ ባሕሩ ትወርድና ቆማ ትመለሳለች። አባቴ ከዚያ ባሕር ሊያርቃት ሲል ብራዚል እንሂድ አለ።

ብራዚል ግን የምትቀበለው ቤተሰብ ብቻ ነበር። ያውም ለሥራ የደረሱ ሦስት ሰዎች ያሉበትን። እናቴ በሽተኛ ስለነበረች አልተቆጠረችም። እኔና አባቴ ብቻ ቀረን።

ያኔ ብዙ ሰው የሚያደርገውን እኛም አደረግን። ብቻውን መሄድ የማይፈቀድለት አንድ ጎረምሳ ልጃችን ነው ብለን አስመዘገብን።

ኮቤ ወደብ ላይ ደላላው ያመጣልን ልጅ ቶራኪቺ ይባላል። የዋናው ጃፓን ሰው ነው፤ ያደገው ተራራ ላይ ነው። ቀጭን፣ ዓይናፋር ነገር። ዘንሳኩ የሚባል ያገሩ ልጅ አብሮት ነበር፤ እሱን ሌላ ቤተሰብ ወሰደው።

አባቴ የሳንራን ስም ሰጠው። የቡናው ውል አንድ ዓመት ነው፤ እሱ ሲያልቅ ልጁ በራሱ መንገድ ይሄዳል ተባባሉ። እኔም ሰው ፊት "ጋሼ" እንድለው ታዘዝኩ።

ከደሴታችን ቋንቋ አንዲት ቃል እንኳ አይሰማም። እርስ በርሳችን ስናወራ ፈገግ ብሎ መሬት መሬት ያያል። እናቴ አንድ ቀን እንኳን ቀና ብላ አላየችውም።

መርከቡ ውስጥ የተሰጠን ቦታ ከታች፣ ሳንቃ ላይ ነበር። የከሰልና የትውከት ሽታ። ቶራኪቺ መጀመሪያ ላይ ታሞ ተኝቶ ነው የከረመው።

ሲንጋፖርን ካለፍን በኋላ ተነሳ።

አንድ ቀን ምሳ ስንበላ ሩዙ ከመጣበት ባልዲ ሥር ያረረውን ፋቀና ጎድጓዳ ሳህኔ ውስጥ ጨመረልኝ።

ሳንራ እንደዚያ ያደርግ ነበር። ያረረ ሩዝ እንደምወድ ያውቃል።

በላሁት። ምን ልበል?

ከዚያ ሌላ ቀን እናቴን ጠራት።

"አሮጊቷ" አላት።

በደሴታችን ቋንቋ...

እናቴ ያኔ ገና አርባ አምስት አልሞላትም። አሮጊቷ እያለ የሚያበሽቃት ሳንራ ብቻ ነበር።

እናቴ ቀስ ብላ ቀና አለች።

"ወዬ" አለችው።

አባቴን ጥግ ይዤ በሹክሹክታ ጠየቅኩት።

"አባ... አንተ ነህ የነገርከው?"

"ምኑን?"

"አሮጊቷ ይላት እንደነበር።"

"ሥራ አጣሁ እንዴ? እናትሽ ትሆናለች።"

እናቴንም ልብስ ስታጥብ ጠየቅኳት። ጨርቁን ጨምቃ ጨረሰች። ከዚያ ቋንቋዋን የማይሰማ ሰው በምን አፍ ልትነግረው እንደምትችል መልሳ እኔን ጠየቀችኝ።

አፍሪካን ስንዞር ዘንሳኩ ሊጠይቀው መጣ። "ቶራ!" ብሎ ጠራው። ዞር አላለም። ዘንሳኩ ሳቀና "ኧረ! ስምህን ቀይረህ ከሰው በላይ ሆንክ?" ብሎ ትከሻውን መታ አደረገው።

እሱ በትሕትና አየው፤ የማያውቁትን ሰው እንደሚያዩት።

ወደ እኔ ዘንበል ብሎ በደሴታችን ቋንቋ "ይሄ ሰውዬ ማነው?" አለኝ።

የዘንሳኩ ሳቅ ፊቱ ላይ ደረቀ። ብራዚል እስክንገባ ድረስ ተመልሶ አልመጣም።

ሳንቶስ ወደብ ልንደርስ ስንል አራታችን ቁጭ ብለን እየበላን ነበር። እናቴ ውሃ አቀብለኝ እንደማለት ቀለል አድርጋ ጠየቀችው።

"ጀልባዋን የት ተውካት?"

"ከጥቁሩ አለት ሥር" አለ። "ገመዱ ተበጥሶብኝ ነው፣ እማ።"

አባቴ የሚበላባቸውን ቀጫጭን እንጨቶች አስቀመጠ። ተነስቶ ወደ ላይ ወጣ።

እኔ ሳህኖቹን ሰበሰብኩ። መፍራት እንደነበረብኝ አውቃለሁ... ግን አልፈራሁም። ምንም አልተሰማኝም።

እርሻው ላይ ዓመቱን ሙሉ ቡናው ላይ ሠራን። እናቴ ዳነች። ወፈረች፣ ሳቀች። እኔም ሰው በሌለበትም ጋሼ እለው ጀመር። ለመድኩት።

አባቴ ብቻ አልለመደውም። ስሙን አይጠራም። ሲተኛ ጀርባውን አይሰጠውም።

ውሉ ሲያልቅ አባቴ ስምምነታቸውን አስታወሰው።

"የት ልሂድ፣ አባ?" አለው።

አባቴ ግን ነገሩን ጨርሶ ነበር። ዘንሳኩ ወደ ሌላ እርሻ ሊሄድ ስለነበር ይዞት እንዲሄድ ለምኖታል። ለእናቴ እኔ እያለሁ ነገራት። ትጮሃለች ብዬ ነበር። እሷ ስኳር ድንቹን እየቆረጠች "ይሂድ ካልክ ይሂድ" አለች።

ጣቢያው ድረስ እኔና አባቴ ሸኘነው። እናቴ ቤት ቀረች። አባቴ መንገዱን ሙሉ ክንዱን ይዞት ነበር፤ የሚያመልጠው ይመስል።

ባቡሩ ሲያፏጭ ዘንሳኩ ጎትቶ አስገባው።

በመስኮት ብቅ አለ። ፊቱ ተለውጧል። ያ ኮቤ ያየነው ዓይናፋር ልጅ ሆኗል። ከኮቤ ወዲህ ከአፉ ሰምቼው በማላውቀው በዋናው ጃፓን ንግግር ጠየቀኝ።

"እህቴ... ይሄ የት ነው?"

ወደ ዘንሳኩ ዞረ። መርከቡ መቼ ነው የሚነሳው ሲለው ሰማሁ።

ባቡሩ ሄደ።

ስንመለስ አባቴ ከፊት ከፊት ነበር። የሰማሁትን ነገርኩት። እርምጃው ፈጠነ፤ የወጣት እርምጃ ሆነ። እኔም ከኋላው ሄድኩ።

እናቴ ንጹሕ ልብሷን ለብሳ በር ላይ ቆማ ነበር። እኔን አላየችኝም። እሱን ነው ያየችው።

"መጣህ ልጄ?"

አባቴ ጫማውን አወለቀ።

"መጣሁ፣ እማ።"

ከሽበቱ ላይ አቧራውን በመዳፏ አራገፈችለት። እጁን ይዛ አስገባችው። ከዚያ ተመልሳ ብቅ አለችና በእርጋታ ጠየቀችኝ።

"አባትሽስ? አብሯችሁ አልነበረም?"

ወደ መጣንበት ዞርኩ።

በሩቁ፣ በቀዩ መንገድ መሃል፣ አቋቋሙ የአባቴ የሚመስል አንድ ሰው ቆሟል። ፊቱ ወደ እኛ ነው። አይመጣም... አይሄድም።